ወሳንሳውን ተከትሎ ለመውጣት

ዓርብ፣ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከምንኖርበት ሰፈር ከክሬሰንት ታውን ወደ ባቡር ጣቢያው በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሱሬሽ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጡን ነገረኝ። አንዱ የራሱ ነው። ሌላው የዳኛቸው ነው።

ሱሬሽ ህንዳዊ ነው፣ የሂንዱ እምነት ተከታይ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤታሞች ሆነን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። ዳኛቸው የአገሬ ልጅ ነው፤ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ፣ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። የሚሄዱት ወደ ሰሜን ህንድ፣ ከሱሬሽ እናት መንደር በላይ ተራራ ላይ ወዳለች ትንሽ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። የመጨረሻው ሁለት ቀን በእግር ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ትናንት ስለነገሩኝ አይደለም። ጉዞውን ያቀድነው እኔና ሱሬሽ ነን፤ ገና ጸጉራችን ጥቁር ሳለ።

«መልካም መንገድ» አልኩት። ድምፄ አልተለወጠም። ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስሠራ ኖሬ ድምፅ መቆጣጠር አያቅተኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩና ለተሰማኝ ነገር ትክክለኛ ስም ፈለግኩለት። ኀዘን ነው ልል ነበር፤ አይደለም። ቅሬታ ነው ልል ነበር፤ እርሱም አነሰ። ቅናት ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ተራራ ሊወጣ ነው ብዬ ቀናሁ።

ያኔ የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነበር። አሁንም እዚያው ነው፤ ዛሬ ግን በካርድ ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ ለማጠቢያው ሦስት ኳርተር፣ ማለትም ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ለማድረቂያው ሁለት ኳርተር እናጎርሰው ነበር፤ አንደኛው ማድረቂያ ግን ሁለት በልቶ ሦስተኛ ካልጨመሩለት አይሞቅም። ቅዳሜ ጠዋት የወንዶች ቀን ነበር ማለት ይቻላል፤ ሚስቶቻችን በሳምንቱ መጨረሻ የሚሠሩ ስለነበሩ። ሱሬሽ ሬክስዴል ከሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ቀያይሮ፣ ሳይተኛ በቀጥታ ወደዚያ ይወርዳል። የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል። ዛሬም አዲስ የታሸገ ዕቃ ስከፍት ያ ሽታ ሲመጣ ቅዳሜ ይመስለኛል። የሚለብሰው ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛውን አረንጓዴ ጃኬት ነበር፤ ደረቱ ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም፣ «ፍራንክ» የሚል፣ በቀይ ክር ተጠልፎበታል። አንድ ዓመት ሙሉ ፍራንክ እያልኩ ጠራሁት። የእኔ ካፖርት ቡናማ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዶላር፣ እጅጌው ጣቶቼን የሚሸፍን። እርሱም በበኩሉ «አበራ ጂ፣ እጅ አለህ ወይስ የለህም?» ይለኝ ነበር። ጂ ማለት በእነርሱ ዘንድ አክብሮት ነው፤ ሲቀልዱም አይተዉትም። ከዘጠነኛ ፎቅ የምትወርድ አንዲት የእኛ ሴት ቴፕ ይዛ እየመጣች ማሽኖቹ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሱሬሽ ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን አብሮ ያንጎራጉራል፤ ከእኔ የተሻለ ያንጎራጉር ነበር። ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ስለ ተራራው የምናወራው በዚያ ጊዜ ነው።

ቤተ መቅደሷ በብርዱ ወራት በበረዶ ትዘጋለች። ስለዚህ አምላካቸው እዚያ አይከርምም። ምስሉን በወሳንሳ ተሸክመው ወደ ታችኛው መንደር ያወርዱታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ በከበሮና በመለከት አጅበው ሁለት ቀን ተጉዘው ይመልሱታል። ሱሬሽ ይህን የነገረኝ እንድገረም ብሎ ነበር።

«የእኛም ታቦት በጥምቀት ይወርዳል፤ አድሮ ይመለሳል» አልኩት።

«ስንት ቀን?»

«አንድ ሌሊት። የአንዳንዱ ቢበዛ ሁለት።»

«የእኛ ስድስት ወር ነው» አለ፤ እንደበለጠኝ ሁሉ።

ወሳንሳው የሚወጣበትን ቀን ካህናቱ በየዓመቱ በጨረቃ ቆጥረው ነው የሚናገሩት። የሱሬሽ አጎት ቀኑ እንደታወቀ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ከዚያ ሸለቆ ወጥቶ እኛ ሰፈር ዳንፎርዝ እስኪደርስ ግን የራሱን ጊዜ ይወስዳል። በአንዱ ዓመት ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደረሰ፤ ሱሬሽ ፈቃድ ሊያገኝ አልቻለም። በሌላው ዓመት ወሳንሳው ከወጣ በኋላ ደረሰ። እኔ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቼ ሁሉንም መዘገብኩ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት፣ ከታችኛው መንደር እስከ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው ስንት ሜትር፣ ማደሪያው የት፣ በቅሎ የሚከራይ መኖር አለመኖሩን። ወሳንሳውን የሚከተል ሰው ሽንኩርት እንደማይበላ የሰማሁ ቀን ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ወጥ ያለ ሽንኩርት?»

«ያለ ሽንኩርት።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

«እርሱማ ጭራሽ።»

«ታዲያ ይህ ቅጣት ነው እንጂ ጉዞ ነው?» ስለው ሳቁ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ተሰማ። የሚያስቅ ነገር ስላልኩ ሳይሆን እንቅልፍ ስላጣ ነው የሳቀው፤ ቢሆንም ያን ሳቅ እስካሁን እንደ ግል ንብረቴ ነው የምቆጥረው። ዳኛቸው ያን ሳቅ አልሰማውም።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ሱሬሽ ለምን መሄድ እንዳለበት ነገረኝ። ልጁ አኒታ የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሱሬሽ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ተሳለ፤ ልጄ ከዳነች ወሳንሳውን ተከትዬ ከታች እስከ ላይ በእግሬ እወጣለሁ ብሎ። ልጅቷ ዳነች። «በእኛ ቤት ስለት እስኪፈጸም አይነገርም» አለኝ። «ለሚናም አልነገርኳትም።» ሚና ሚስቱ ናት። ለእኔ ግን ነገረኝ። የዚያን ዕለት ደረጃውን የወጣሁት እየሮጥኩ ነው።

በዚያ ዘመን በየወሩ የምትወጣ፣ በፎቶ ኮፒ የምትባዛ ስምንት ገጽ የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ቀን ቢሮ አጸዳለሁ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ለእርሷ እሰጣለሁ። ዳንፎርዝ ላይ ያሉ ሱቆቻችን በርበሬና ምስር ከሚሸጡበት መደርደሪያ አጠገብ ያስቀምጧታል። አንድ ወር ላይ ገጽ የሚሞላ ነገር ጎደለኝ። ቁጭ ብዬ «የጎረቤቴ ስለት» የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። ስሙን አልጻፍኩም። የፎቁን ቁጥር አልጻፍኩም። «በሕንፃችን የሚኖር፣ ሬክስዴል በፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ህንዳዊ» አልኩ እንጂ። የቀረው ሁሉ ግን ነበረበት፤ ሕፃኗ፣ ኮሪደሩ፣ ለሚስቱ አለመንገሩ ሳይቀር። በአማርኛ የተጻፈ ከአማርኛ አይወጣም ብዬ አምን ነበር። ያኔ ሁላችንም እናምን ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ከፊታችን ስለተቀመጠው ሰው ኮፍያ ድምፃችንን ሳንቀንስ እናወራ የነበርን ሰዎች ነን።

ዳኛቸው አሥራ አራተኛ ፎቅ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ጋዜጣዋን ከሱቅ ከምስር ጋር ይዞ መጥቶ ከዳር እስከ ዳር አነበባት። ቅዳሜ ልብሱን ይዞ ወረደ። የዚያን ቀን ሚና ከሥራ ቀርታ አንሶላ ታጥፋለች። እኔ ሱሬሽን አስተዋወቅሁት፤ ጎረቤታችን ነው፣ ሬክስዴል ነው የሚሠራው ብዬ። ዳኛቸው ፊቱ በራ። የሱሬሽን እጅ በሁለት እጁ ይዞ በዚያ በአዲስ መጤ እንግሊዝኛው «ስለትህ ሰመረ አይደል! እንኳን ደስ ያለህ! መቼ ነው የምታስገባው?» አለው። ክፋት የለበትም። የእኛ ሰው ስለቱ የሰመረለትን ሰው ሲያይ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሚና «የምን ስለት?» አለች።

ሱሬሽ እርሷን አላያትም። እኔን አየኝ። ከዚያ ዳኛቸውን ጋዜጣው ካለህ አምጣው አለው። ዳኛቸው መናገር እንዳልነበረበት ሲገባው ዘግይቶ ነበር፤ ማድረቂያው አጠገብ ቆሞ መስመር በመስመር ተረጎመለት። ንባቡ አኒታና የሆስፒታሉ ኮሪደር ጋ ሲደርስ ሚና አንሶላውን ግማሽ እንደታጠፈ ቅርጫቱ ውስጥ ጥላ ወጣች።

«ስምህን አልጻፍኩም» አልኩት።

«አይቻለሁ» አለ ሱሬሽ። «ሁሉም ትክክል ነው። ስህተት የለበትም።»

የዚያን ዓመት ብርድ ሙሉ ልብሱን እሑድ ነበር የሚያጥበው። ወደ ቅዳሜ ሲመለስ በረዶው ቀልጧል፤ አብሮትም ዳኛቸው መጣ። ተራራው ከዚያ በኋላ የሦስት ሰው ወሬ ሆነ። ዳኛቸው ደብተር አልነበረውም፤ ኪሎ ሜትር አይጠይቅም። «እዚያ ምን ይዘፈናል? ወሳንሳውን የሚሸከሙት እነማን ናቸው? ሲደክማቸው ይቀያየራሉ?» ይላል። ሱሬሽ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ለእርሱ ይነግረዋል፤ ያም ሆኖ እኔ እጽፋለሁ። ደብተሩ ውስጥ ከዳኛቸው ጥያቄ የተገኘው መልስ ከእኔ ጥያቄ ከተገኘው ይበልጣል። ቆጥሬዋለሁ።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ያደረግኩትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ዳኛቸው በየማለዳው የሕንፃውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ አሥር ኪሎ ሩዝ አዝሎ። በሩን ከፍቼ አየሁት። ጉልበቱን ያመው እንደሆነ ለማየት ነው የከፈትኩት፤ አላመመውም። ዳንፎርዝ ላይ ሁለቱ ጫማ ሊገዙ ሲገቡ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ሱሬሽ ተንበርክኮ የዳኛቸውን ጫማ ጫፍ በአውራ ጣቱ ሲጫን በመስታወቱ አየሁ። ቤቴ ሄጄ ስልክ ማፈላለግ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን በቤተ መቅደሷ አስተዳደር ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን አገኘሁና ሂንዱ ያልሆነ ሰው መግባት ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት። ወሳንሳውን መከተል ይችላል፤ ከድንጋዩ በር ግን አያልፍም አለኝ። በሌላ አባባል ደግሜ ጠየቅኩ። መልሱ ያው ነው። ስሙንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ደስታው አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱሬሽ ቤት ሄድኩ። ዳኛቸው ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ሻንጣ ላይ የሚያስሩትን ወረቀት ይሞላል። ሚና ሻይ አቀረበች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት እርሷ አትሄድም። ወሬው በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ ወደ ዳኛቸው ዞሬ በአማርኛ አደረግኩት።

«ከድንጋዩ በር እንደማያሳልፉህ መቼም ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታውቃለህ?»

«ቲኬቱን ቡክ ሳናደርግ ነው የነገረኝ።» ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ አስገባ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያንም ከደጅ ተሳልሜ ነው የምመለሰው። ታክሲ ስነዳ ስንት ዓመት መኪናዬን ዳር አቁሜ፣ ከአጥር ውጭ አማትቤ፣ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። እርስዎም አይተውኛል። ደጅ መቆም ለእኔ አዲስ ነው?»

«ምን እያላችሁ ነው?» አለች ሚና።

ሱሬሽ ሻይውን አስቀመጠ። «አበራ ጂ፣ አሁንም በአማርኛ ነው?»

ዳኛቸው ተረጎመላቸው። አንድም ቃል አላሳመረልኝም፣ አንድም አላበላሸብኝም። ሚና ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች። «አበራ ጂ ቢሄድ ኖሮ ከአምላክ በፊት ጋዜጣው ይሰማ ነበር» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እንዳልሳቅኩ ሆኜ ሱሬሽን ጠየቅኩት።

«ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?»

ሱሬሽ መልስ ሲሰጥ አይቸኩልም። «አንተ ስንት ሜትር ነው አልከኝ። ስንት ኪሎ ሜትር ነው አልከኝ። ደብተሩ ሞላ። ዳኛቸው ባለፈው የገና በዓል ‹መቼ መሄድ ትፈልጋለህ?› አለኝ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ አልኩት።»

«እኔ መንገዱን እያጠናሁልህ ነበር።»

«አዎ።» ወደ መስኮቱ አየ። «ሌላም ነገር አለ። ያን ጊዜ ታች ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ‹ስምህን አልጻፍኩም› አልከኝ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ቃል ነበር።»

ሚና ጽዋዎቹን መሰብሰብ ተወች። ዳኛቸው ወረቀቱን ያነባል፤ ወረቀቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። በሙያዬ እርማት ጽፌ አውቃለሁ፤ የቀን ስህተት፣ የስም ስህተት። ስህተት የሌለበትን ነገር እንዴት እንደሚያርሙ ግን የሚያስተምር አላገኘሁም።

«ይቅርታ» አልኩት። «ለሚናም።»

«ሻይህ ቀዝቅዟል» አለች ሚና፤ ወስዳ በሌላ ለወጠችልኝ።

«ቲኬቱ እኮ ተቆርጧል» አለ ሱሬሽ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ ሰው ለማደሪያም አይመችም።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሱሬሽ ነው የጠየቀኝ፤ በአጭሩ፣ በስልክ። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ፤ ከፊት ያለው ወንበር ላይ የሱሬሽ ምርኩዝና ሚና የቋጠረችላቸው ስንቅ ነበር። ስንቁ ሽንኩርት የለበትም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ ዳኛቸው «ጋሼ፣ የታክሲ ሜትሩን አላበሩትም» አለኝ። ሱሬሽ ምን እንዳለ ጠየቀው፤ ነገረው፤ ሱሬሽ ሳቀ። በመስታወት አየሁት። ያንኑ የልብስ ማጠቢያ ሳቅ ነው የሳቀው፤ ስለዚህ ከላይ ዳኛቸው አልሰማውም ያልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክል አይደለም። በሩ ላይ ሱሬሽ እጄን ጨበጠኝ። የምጠይቀው አልነበረኝም፤ ማለት የምጠይቀው ነበር፣ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ወሬ አልነበረም። ሚና ከታችኛው መንደር አንድ ጊዜ እንደደወሉላት ነገረችኝ፤ ለእኔ አልደወሉም። በየቀኑ የዚያን ሸለቆ የአየር ሁኔታ አነባለሁ። ዝናብ ሲል ደስ እንዳይለኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳኛቸው ደወለ። ነፋስ ይሰማል፣ ከሩቅ ከበሮ።

«ደረስን፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«አንድ ሰዓት ሊሆነን ነው። እዚህ እየመሸ ነው።»

«ሱሬሽ በእግሩ ጨረሰ?»

«በእግሩ። በቅሎ ቢያመጡለት እንቢ አለ። ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፣ ተነሣ። አሁን ገብቷል። እኔ ከበሩ ውጭ ነኝ፤ ብርዱ አይጣል ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ… ሊገባ ሲል ካህኑ የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጠየቀው። እንደ እኛው ነው፣ ጋሼ፣ ስም መስጠት። የሱሬሽ እጅ በርዶት ብዕር አልይዝ አለው። እርሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩለት።»

«ስንት ስም?»

«አምስት።»

«በተራ ንገረኝ።»

«እናቱ። ሚና። አኒታ። የአኒታ ልጅ። እርስዎ።»

«እኔ?»

«አበራ አለኝ። ካህኑ ደግሞ የእናቱን ስም ጨምሩ አለ። ሱሬሽ እኔን አየኝ፤ የጋሼን እናት አላውቃቸውም አልኩት። ‹እኔ አውቃለሁ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት ነግሮኛል› ብሎ ራሱ ነገረኝ። ወርቅነሽ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ነፋሱ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ወሰደው፤ ተመለሰ።

«ያንተስ ስም?» አልኩት።

«አምስት ነው ያለኝ፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ሱሬሽ ራሱ ከታችኛው መንደር ደወለ። ዳኛቸው የነገረኝን ለማጣራት ስሞቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ስሞቹ አምስት ናቸው፤ የዳኛቸው ስም ከውስጡ የለም።